የቤት ሠራሽ ተጎታች ማደሪያ የበር ጎማ፦ አለካክ፣ አፈላለግ፣ አገጣጠም

ትንሽ ተጎታች ማደሪያ፣ ማለትም በመኪና የሚሳብ መኝታ ክፍል፣ በገዛ እጃቸው የሚሠሩ ሰዎች አብዛኛውን ሥራ አሳምረው ይጨርሳሉ። ሻንሲው ይበየዳል። ላሜራው ይለብሳል። ጀርባው እንደ እንባ ጠብታ ሾጠጥ ብሎ ይወርዳል። ፍራሹም ይገባል። በሩ ላይ ሲደርሱ ግን ነገር ይበላሻል። ውሃና አቧራ እንዳይገባ በሩ ዙሪያ ሊገጥሙት ገዝተው የመጡት ጎማ ወይ ጠርዙን አይነክስም፣ ወይ በሩን አላዘጋ ይላል፣ ወይ ይዘጋና ውሃ ያስገባል። ሌላ ይገዛሉ። አሁንም ያው ነው።

እኔም የመጀመሪያዋን ስሠራ ሁለት ጊዜ ገዝቻለሁ። ሁለተኛው ጎማ ሐይቅ ዳር ባደርንበት የሐምሌ ሌሊት ውሃ አስገብቶ ፍራሹን አራሰው። ጠዋት ሳየው ጎማው ደህና ነው። ችግሩ ክፍተቱ ላይ ነበር። በበሩና በመቃኑ መካከል ከላይ 7 ሚሊ፣ ከታች 14 ሚሊ ነበር። ይህን የሚሸፍን አንድ ጎማ የለም። ስለዚህ ፍለጋው የሚጀምረው ከበሩ ነው፤ ሱቅ የሚመጣው በኋላ ነው። ደረጃዎቹን አትዝለሉ፤ በተለይ 2ኛውንና 3ኛውን።

መጀመሪያ በቃላቱ እንስማማ

መቃን የምለው በሩ የሚያርፍበትን ዙሪያ ነው። ከንፈር የምለው ከመቃኑ ወጣ ብሎ ጎማው የሚነክሰውን ቀጭን ብረት ነው። የበር ጎማ ሁለት ክፍል አለው። አንዱ አፉ ነው፤ ከንፈሩን የሚነክሰው። በውስጡ ቆርቆሮ ወይም ሽቦ አለበት፣ የሚይዘውም እሱ ነው። ሌላው ቱቦው ነው። በሩ ሲዘጋ የሚጨመቀው፣ ውሃና አቧራ የሚከለክለው ይህ ነው።

ቱቦ የሌለው፣ አፍ ብቻ ያለው ጎማም ይሸጣል። እሱ የላሜራ ጠርዝ እጅ እንዳይቆርጥ ይሸፍናል፣ መልክም ያሳምራል። ውሃ ግን አይከለክልም። ብዙ ሰው እሱን ገዝቶ «ጎማ አድርጌም ያፈሳል» ይላል። ለመስኮት ቀዳዳና ለመደርደሪያ ጠርዝ ተጠቀሙበት። ለበር ባለ ቱቦውን ፈልጉ።

ደረጃ 1፦ ከንፈር መኖሩን አረጋግጡ

መቃናችሁ ከቱቦላሬ (ውስጡ ባዶ ከሆነ አራት ማዕዘን ብረት) ብቻ የተሠራ ከሆነ ጎማው የሚነክሰው ነገር የለም። ባለ 20 ወይም ባለ 30 ሚሊ ቱቦላሬ አፍ ውስጥ አይገባም። እዚህ ላይ ብዙዎች ጎማውን በማስቲሽ ይለጥፉታል። የመጀመሪያው ሙቀት ያላቅቀዋል።

መፍትሔው ከንፈር መጨመር ነው፦

1. 2 ሚሊ ውፍረት ያለው ጠፍጣፋ ብረት ወይም የላሜራ ቁራጭ አዘጋጁ።
2. በመቃኑ ውስጠኛ ዙሪያ አስጠግታችሁ ነጥብ ነጥብ እያደረጋችሁ በይዱት። ባንዴ መስመር አትበይዱ፤ ቀጭን ብረት በሙቀት ይጣመማል።
3. ከመቃኑ ወጥቶ የሚታየው ከንፈር 12 ሚሊ ያህል ይሁን። ከ10 ካነሰ ጎማው በደንብ አይነክስም። ከ15 ከበለጠ አፉ ታች ሳይደርስ ይቀራል።
4. የብየዳውን ጉብታ በግራይንደር አስተካክሉ። ጉብታ ባለበት ቦታ የጎማው አፍ ይከፈትና ቀስ በቀስ ይወጣል።
5. በብየዳ ነጥቦቹ መካከል ያለውን ስንጥቅ በሲሊኮን ድፈኑ። ካልደፈናችሁት ውሃው ከጎማው በታች ሾልኮ ይገባል።

መቃኑ የእንጨት ወይም የኮምፔንሳቶ ከሆነ ቀጭን የአንግል ብረት በቪስ እሰሩበት። አንደኛው ክንፍ በእንጨቱ ላይ ይተኛል፣ ሌላኛው ከንፈር ይሆናል። ከማሰራችሁ በፊት ከሥሩ ሲሊኮን አስምሩ።

አሁን ከንፈሩ ወዴት እንደሚያመለክት ተመልከቱ። ይህን ካልለያችሁ ሱቅ ውስጥ የተሳሳተ ጎማ ታነሳላችሁ። ከንፈሩ ቀጥ ብሎ ወደ በሩ የሚያይ ከሆነ ቱቦው በአፉ ጀርባ፣ በአናቱ ላይ ያለውን ትፈልጋላችሁ። ከንፈሩ ወደ ቀዳዳው መሃል የሚያመለክት፣ ከበሩ ጋር ጎን ለጎን የተኛ ከሆነ ደግሞ ቱቦው በጎኑ ያለውን ትፈልጋላችሁ። አብዛኛው የመኪና በር ሁለተኛው ዓይነት ነው። የራሳችሁን በር ሳታዩ እንደ መኪና ነው ብላችሁ አትገምቱ።

ደረጃ 2፦ በሩን አስተካክሉ

ጎማ የተጣመመ በር አያቃናም። ጎማ ሳይኖር በሩን ዝጉና እነዚህን ተመልከቱ፦

- አራቱም ማዕዘን እኩል ይገባል? አንዱ ጥግ ከወጣ በሩ ተጣሟል። ወደ ውስጥ የገባውን ጥግ ከሥሩ ጣውላ አስደግፋችሁ ወጣ ያለውን ጥግ ወደ ውስጥ ጫን በሉ። ቀስ በቀስ ነው፤ በአንድ ጊዜ ብዙ አትጫኑ።
- በማጠፊያው በኩል ያለው ክፍተት ከመዝጊያው በኩል ካለው ጋር ይቀራረባል? በማጠፊያው በኩል በጣም ከጠበበ በሩ ጎማውን ይጠቀልለዋል እንጂ አይጨምቀውም። ማጠፊያውን አውጥታችሁ ከሥሩ ቀጭን ላሜራ አስገቡ።
- በሩ ሲንቀጠቀጥ ይንኳኳል? ማጠፊያው ጨዋታ ካለው ፒኑን ቀይሩ።

ማዕዘኖቹንም አሁኑኑ እዩ። ቱቦ ያለው ጎማ በሹል ማዕዘን ሲታጠፍ ይሰበራል፤ እንደ ታጠፈ የውሃ ጎማ ይሆናል። የስኒ ማስቀመጫ ሳህን አምጡና ማዕዘኑ ላይ አስቀምጡ። የከንፈሩ ኩርባ ከሳህኑ ኩርባ የጠበበ ከሆነ ቆርጣችሁ ክብ አድርጉት። ይህ ሥራ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ግን ክብ ማዕዘን ላይ ጎማው ሳይቆረጥ ይዞራል፤ ሳይቆረጥ የሚዞር ጎማ ደግሞ መገጣጠሚያው አንድ ብቻ ይሆናል። ብዙ ጊዜ የሚያፈሰው መገጣጠሚያ ነው።

ደረጃ 3፦ ለኩ

አራት ልኬት ያስፈልጋችኋል። በወረቀት ጻፏቸው።

ሀ. የከንፈሩ ውፍረት። በካሊበር ለኩ። ካሊበር ከሌላችሁ ብየዳ ቤት ጎራ በሉ፤ አይከለክሏችሁም። ቀለሙ ከተቀባ በኋላ ለኩ፣ ቀለም ውፍረት ይጨምራልና። ስድስት ቦታ ለኩ። ላሜራ በተደራረበበት ቦታ ውፍረቱ ይጨምራል፤ ጎማው ቀጭኑንም ወፍራሙንም መንከስ አለበት። ለምሳሌ አብዛኛው 2 ሚሊ፣ መደራረቢያው 3 ተኩል ከሆነ ከ1 ተኩል እስከ 4 ሚሊ የሚነክስ ጎማ ነው የምትፈልጉት።

ለ. ክፍተቱ። ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ልኬት ይህ ነው። በዓይን አይገመትም፣ በሩ ሲዘጋ አይታይምና። እኔ የምጠቀመው ሊጥ ነው፦

1. ጠንከር ያለ ሊጥ አቡኩ። ለዳቦ ከሚሆነው ደረቅ ይበል።
2. ከክፍተቱ እንዲበልጥ ወፈር አድርጋችሁ አድቦልቡሉትና እያንዳንዱን በቁራጭ ፌስታል ጠቅልሉ። ካልጠቀለላችሁት ብረቱ ላይ ይጣበቃል።
3. በከንፈሩ ዙሪያ 10 ቦታ አስቀምጡ፦ በየማዕዘኑ አንድ፣ በማጠፊያው በኩል ሁለት፣ በመዝጊያው በኩል ሁለት፣ ከላይና ከታች አንድ አንድ። በቁራጭ ፕላስተር ያዟቸው።
4. በሩን በቁልፉ እስኪቆለፍ ዝጉ። ገፍታችሁ ብቻ አትተዉት። ጎማው የሚሠራው በተቆለፈው ቦታ ነው።
5. ክፈቱና የተጨፈለቀውን ሊጥ ውፍረት በየቦታው ለኩ። መቃኑ ላይ በእርሳስ ጻፉት።

ቁጥሮቹ በ2 ሚሊ ውስጥ ከተቀራረቡ በሩ ደህና ነው። ልዩነቱ 3 ሚሊና ከዚያ በላይ ከሆነ ወደ ደረጃ 2 ተመለሱ። ጎማ አትግዙ። ይህን የምለው አጥብቄ ነው፤ የብዙ ሰው ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ የቱቦውን ቁመት አስሉ። ቱቦ ሲሶው ያህል ሲጨመቅ ጥሩ ይዘጋል። ስለዚህ ክፍተቱን በአንድ ተኩል አባዙ። ክፍተት 8 ከሆነ ባለ 12 ሚሊ ቱቦ፣ ክፍተት 10 ከሆነ ባለ 15 ሚሊ። ግማሹ ድረስ ቢጨመቅ ይቻላል፤ ከዚያ ካለፈ በሩ ለመዝጋት ይከብዳል፣ ቱቦውም ቶሎ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል። ቱቦው በአናቱ ላይ ላለ ጎማ ደግሞ የአፉ ጀርባ ራሱ 2 ወይም 3 ሚሊ እንደሚወስድ አትርሱ። መጀመሪያ ከክፍተቱ ላይ ቀንሱት፣ ከዚያ አባዙ።

ሐ. ዙሪያው። ሲባጎ በከንፈሩ ላይ አዙሩና ርዝመቱን በሜትር ለኩ። 90 በ75 ሴንቲ የሆነ በር፣ ማዕዘኑ ክብ ሲሆን፣ 3 ሜትር ከምናምን ይወጣዋል። ለሁለት በር 7 ሜትር ተኩል ግዙ። የተረፈው ለመለማመጃና ለጥገና ይሆናል።

መ. ማዕዘኑ። ኩርባውን ካርቶን ላይ ገልብጡና ቁረጡት። ሱቅ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ።

ደረጃ 4፦ ናሙና ይዛችሁ ውጡ

የመለዋወጫ ሱቅ ስትገቡ የሚጠብቃችሁ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ለየትኛው መኪና?» እናንተ ደግሞ መልስ የላችሁም። የሠራችኋት ነገር ሞዴል የላትም። ሻጩ ያለውን ያነሳና «አብሽር ወንድሜ፣ ይኼ ለሁሉም ይሆናል» ይላል። ክፋት የለበትም፤ ልኩን አያውቅም።

ስለዚህ ከከንፈሩ ጋር አንድ ዓይነት ውፍረት ያለው 20 ሴንቲ የላሜራ ቁራጭ ያዙ። ቀለም ቀቡት። በአንዱ ጫፍ ሌላ ቁራጭ ደርቡና በይዱበት፤ መደራረቢያችሁን ይወክላል። ከዚህ ጋር የማዕዘኑን ካርቶን፣ ሜትርና ልኬቱን የጻፋችሁበትን ወረቀት ያዙ። «ይህን የሚነክስ፣ ቱቦው 12 ሚሊ የሆነ፣ በጎኑ» ብላችሁ ስታሳዩ ሻጩ ራሱ ይገባውና ሌላ መደርደሪያ ላይ መፈለግ ይጀምራል።

ደረጃ 5፦ የት ይፈለጋል

የመኪና መለዋወጫ ሱቆች። በእኛ አካባቢ፣ በወሎ፣ ደሴም ኮምቦልቻም አሉ። ኮምቦልቻ የባቲና የሚሌ መንገድ መነሻ ስለሆነች የጭነት መኪና ዕቃ በብዛት ይገባባታል። የሚኒባስ፣ የአይሱዙና የፒክአፕ በር ጎማ ጠይቁ። የመኪና በር ጎማ ብዙ ጊዜ እንደ ቀለበት ተጋጥሞ ይመጣል። ቢቆረጥ ችግር የለውም። ግን ማዕዘኑ በፋብሪካ ተቀርጾ የመጣ እንዳይሆን ተጠንቀቁ፤ የእሱ ማዕዘን በእናንተ በር ቀጥተኛ ቦታ ላይ ያርፍና ይጎብጣል። ዙሪያውን ሁሉ አንድ ዓይነት የሆነውን ምረጡ።

ያገለገለ ዕቃ የሚሸጡ። ከተፈታ መኪና የወጣ ጎማ ርካሽ ነው፤ አንዳንዴም ከአዲሱ ይሻላል። ቱቦውን በጣት ጨምቃችሁ ልቀቁት። ወዲያው ከተመለሰ ውሰዱት። ጠፍጣፋ ሆኖ ከቀረ ተዉት። አጥፉትና ስንጥቅ ፈልጉ። አፉ ውስጥ ያለው ቆርቆሮ ከዛገ ገላጭ ምልክቱ ቡናማ ዱቄት ነው፤ እሱንም ተዉት።

የካሶኒና የአውቶብስ ቦዲ የሚሠሩ ጋራዦች። እነዚህ ብዙ ጊዜ ይረሳሉ። በሜትር የሚቆረጥ ጥቅል ጎማ ያላቸው እነሱ ናቸው። ሱቅ ስላልሆኑ ጠዋት፣ ሥራ ሳይበዛባቸው ሂዱ። የተረፈ ቁራጭም ካለ ጠይቁ፤ 3 ሜትር ተኩል ለእነሱ ቁራጭ ነው፣ ለእናንተ አንድ ሙሉ በር ነው።

የአልሙኒየም በርና መስኮት ቤቶች። የእነሱ ጎማ የተሠራው በአልሙኒየሙ ቦይ ውስጥ እንዲገባ ነው። ከንፈር አይነክስም። ለመስኮታችሁ ይሆናል፤ ለበር አትግዙት።

የፍሪጅ በር ጎማ። ማግኔት ስላለው ያጓጓል። እሱም በቦይ የሚገባ ነው፣ ለፀሐይም አልተሠራም። ተዉት።

አዲስ አበባ። እዚህ ካጣችሁ መርካቶ ሶማሌ ተራ የሚፈልግላችሁ ዘመድ ወይም ጓደኛ ይኑር። ፎቶ ብቻ አትላኩ። የላሜራውን ናሙና ራሱን በአውቶብስ ላኩ። ከመግዛቱ በፊት ጎማውን ናሙናው ላይ ገጥሞ፣ ከጎኑ ሜትር አድርጎ ፎቶ እንዲልክላችሁ አድርጉ። 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ የመጣን የተሳሳተ ጎማ መመለስ ከባድ ነው።

ሁሉም ከጠፋ። ለጊዜው የካላማዳሪያ (የመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ) ቁራጭ ይሠራል። በ4 ሴንቲ ስፋት ቁረጡ፣ እጥፍ አድርጋችሁ እጥፋቱን ወደ በሩ አዙሩ፣ ሁለቱን ጠርዝ በከንፈሩ ላይ በቀጭን ጠፍጣፋ ብረትና በሪቬት እሰሩ። ውሃውን ያስቀራል፣ ግን ፀሐይ ይሰነጥቀዋል። እስከ መጪው ክረምት እንጂ ከዚያ አያልፍም ብላችሁ ያዙት።

ደረጃ 6፦ ሱቁ ውስጥ ፈትሹ

ገንዘብ ሳትከፍሉ እነዚህን አድርጉ፦

1. ጎማውን ናሙናው ላይ በእጅ ጫኑ። በአውራ ጣት ጫና መግባት አለበት። በሁለት ጣት ስትጎትቱት በቀላሉ ከወጣ ልቅ ነው። በመዶሻ ካልሆነ አልገባም ካለ ጠባብ ነው። መደራረቢያው ላይም ሞክሩ።
2. ቱቦውን ጨምቁ። ለስላሳ፣ ስፖንጅ መሰል ሆኖ ወዲያው የሚመለስ ይሁን። ደረቅ የሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ ከሆነ ደሴ ብርድ ላይ ይጠነክራል፣ በሩ አይዘጋም።
3. ካርቶኑን አውጡና ጎማውን በኩርባው አዙሩ። ቱቦው ከተሰበረ ወይም ከተጨማደደ ሌላ ምረጡ።
4. ቁመቱን ራሳችሁ ለኩ። የሻጩን ቃል አትጻፉ።

ብትችሉ መጀመሪያ 30 ሴንቲ ገዝታችሁ በሩ ላይ ሞክሩ። በሜትር የሚሸጥ ሰው ብዙ ጊዜ እሺ ይላል።

ደረጃ 7፦ ከንፈሩን አዘጋጁ

ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት አንሱ። አንቲረስት ቀቡ፣ ከዚያ ቀለም። ቀለሙ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ጠብቁ፤ በደሴ ብርድ ቢያንስ አራት አምስት ቀን። ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ የሆነ ቀለም ላይ ጎማ ከገባ ይጣበቃል፣ ሲወጣ ቀለሙን ይዞ ይወጣል።

ከንፈሩን በሳሙና ውሃ አጥቡና አድርቁ። ጎማውንም እንዲሁ። በናፍታ፣ በቤንዚን ወይም በዘይት አትጥረጉት። ዘይት ነክ ነገር የበር ጎማን ያሳብጠዋል፣ ያልፈሰፍሰዋል። ግሪስም እንደዚያው ነው።

ደረጃ 8፦ ግጠሙ

ከቀኑ 4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባለው ሥሩ። ጎማው ፀሐይ ላይ ግማሽ ሰዓት ይቀመጥ፣ ይለሰልሳል።

1. ከታች፣ ከመሃል ጀምሩ። መገጣጠሚያው እዚያ ይሆናል። ከላይ አትጀምሩ፤ ውሃ የሚወርደው ከላይ ነው።
2. የመጀመሪያውን ጫፍ በፒንሳ ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ። የቆርቆሮው ጫፍ ስል ስለሆነ ጓንት አድርጉ።
3. በአንድ እጅ ወደ ጀመራችሁበት እየገፋችሁ በሌላኛው ወደ ታች ጫኑ። አትጎትቱ። ተጎትቶ የገባ ጎማ በሳምንት ውስጥ ይሰበሰብና መገጣጠሚያው ላይ ክፍተት ይተዋል።
4. ማዕዘን ላይ ቀስ በሉ። ከማዕዘኑ በፊት 2 ሚሊ ያህል ትርፍ ግፉና አዙሩት። ይህች ትርፍ ቱቦውን ከመለጠጥ ታድነዋለች።
5. ዙሩን ስትጨርሱ መጨረሻውን ከመጀመሪያው ጫፍ 5 ሚሊ አሳልፋችሁ ቁረጡ። በግፊት አስገቡት። ሁለቱ ጫፎች እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ የሚፈለገውም ይኸው ነው።
6. ቱቦው ውስጥ ልክ የሚገባ 5 ሴንቲ ቀጭን የፕላስቲክ ጎማ ቁረጡ። ግማሹን በአንዱ ጫፍ፣ ግማሹን በሌላው አስገቡ። ፊታቸውን በሱፐር ግሉ ነክታችሁ ለአንድ ደቂቃ አንድ ላይ ያዙ።
7. በሙሉ ዙሩን በጎማ መዶሻ፣ ከሌለ ጣውላ አስደግፋችሁ በተራ መዶሻ ቀስ ብላችሁ መታ መታ አድርጉ። ቱቦውን አትምቱ፤ የአፉን ጀርባ ብቻ።

ከመገጣጠሚያው ሌላ ማጣበቂያ አትጨምሩ። ልኩ ትክክል ከሆነ ጎማው ራሱን ይይዛል። ካልያዘ ልኩ ተሳስቷል፣ ማስቲሽ አያድነውም። የከንፈሩ ብየዳ ላይ ብቻ፣ ጎማው በማይቀመጥበት ትንሽ ቦታ፣ ሲሊኮን ይፈቀዳል።

በሩን ዘግታችሁ አንድ ቀን ተዉት። መጀመሪያ ላይ ትንሽ መጠንከሩ አይቀርም።

ከመተኛታችሁ በፊት፦ አየር

ይህን ለብቻው የማስቀምጠው ነፍስ ስለሆነ ነው። ጎማው በደንብ የዘጋ ትንሽ ክፍል አየር አይገባውም። ድሮ በክፍተቱ ይገባ የነበረው አየር አሁን የለም። ጎማ ከመግጠማችሁ በፊት ወይም በዚያው ቀን ሁለት መተንፈሻ ሥሩ፦ አንዱ ከታች በአንድ ጎን፣ ሌላው ከላይ በተቃራኒው ጎን። ወንፊት አድርጉባቸው፤ የላዩን ደግሞ ዝናብ እንዳይገባ በቆርቆሮ ክዳን ጋርዱት። በብርድ ምክንያት በጨርቅ አትወትፏቸው።

ከሰል በምንም ዓይነት ወደ ውስጥ አታስገቡ። ፍም ብቻ ቢሆን፣ ጭሱ ወጥቶ ያለቀ ቢመስል፣ መስኮት ገርበብ ብሎ ቢሆን፣ አታስገቡ። ከከሰል የሚወጣው መርዘኛ አየር አይሸትም፣ አይታይም፣ የተኛን ሰው ሳያነቃ ይገድላል። የቡታ ጋዝም እንደዚያው ነው። እንደ ኩታበርና ደላንታ ባሉ ደጋዎች ላይ ብርዱ ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ብርድ ልብስና ጋቢ ጨምሩ። ቡናውም ውጭ ይፈላ።

ደረጃ 9፦ ፈትኑ

በጠመኔ። ቱቦውን ዙሪያውን ጠመኔ ቀቡ። በሩን ቆልፋችሁ ክፈቱ። ጠመኔው በሩ ላይ ያልተቋረጠ መስመር መተው አለበት። የተቋረጠበት ቦታ ጎማው አይነካም።

በወረቀት። የደብተር ወረቀት በ3 ሴንቲ ስፋት ቁረጡ። በሩ ላይ አስገብታችሁ ቆልፉና ጎትቱ። እየተጎተተ እምቢ ካለ ጥሩ። ዝም ብሎ ከወጣ ልቅ ነው።

በውሃ። አንድ ሰው ባትሪ ይዞ ውስጥ ይግባ። ሌላው ከላይ ከጣሪያው ላይ ውሃ ያውርድ፣ 10 ደቂቃ። በሩን ፊት ለፊት በግፊት አትምቱት፤ ዝናብ እንደዚያ አይመጣም። ውስጥ ያለው ሰው ጠብታው የጀመረበትን ቦታ ያመልክት እንጂ የደረሰበትን አይደለም። ውሃ ከላይ ገብቶ በከንፈሩ ላይ ሮጦ ታች ይንጠባጠባል።

በአቧራ። ከአስፋልት ወጥታችሁ 10 ኪሎ ሜትር የጠጠር መንገድ ንዱ። ከዚያ በሩን ከፍታችሁ መቃኑን እዩ። አቧራ የገባበት ቦታ ላይ ቀጭን ቡናማ ጅራት ይሳላል። ይህ ፈተና ከውሃው ይበልጣል፤ ውሃ ያላገኘውን ቀዳዳ አቧራ ያገኘዋል።

አንድ ደረጃ ሲበላሽ

በሩ አልዘጋ አለ፣ ነጥሮ ይመለሳል። መጀመሪያ አየሩን ጠርጥሩ። ሁለቱም ጫፍ የተጋጠመ ቱቦ አየር ይይዛል። በቱቦው ላይ፣ ወደ ውስጥ በሚያየው ጎኑ፣ በየ30 ሴንቲው በመርፌ ቀዳዳ አድርጉ። ፋብሪካ የበሳቸው ቀዳዳዎች ካሉት አትድፈኗቸው። ያ ካልረዳ የቁልፉን መያዣ 2 ሚሊ ወደ ውጭ አውጡት። አሁንም ካልሆነ ቱቦው ትልቅ ነው፤ በኃይል አትዝጉት፣ ማጠፊያው ይበላሻል።

አንድ ቦታ ላይ ብቻ ልቅ ነው። ጎማውን እዚያ ቦታ አውጡ። ከአፉ ሥር አንድ ወይም ሁለት ሚሊ የጎማ ክር አስገቡና መልሱት። ቱቦው ከፍ ይላል። ይህ ለ20 ወይም 30 ሴንቲ ይሠራል። ለግማሽ በር ካስፈለጋችሁ በሩን አስተካክሉ።

ጎማው በማጠፊያው በኩል እየተጠቀለለ ይወጣል። በሩ ጎማውን በመጫን ፈንታ እየጠረገው ነው። ለጊዜው ታልክ ፓውደር ቀቡት፣ እንዲንሸራተት። ዋናው መፍትሔ ማጠፊያውን ወደ ውጭ ማውጣት ነው።

መገጣጠሚያው ተከፈተ። ጎማው ተጎትቶ ነበር የገባው። ከታች በኩል ግራና ቀኝ 40 ሴንቲ አውጡና ወደ መሃል እየገፋችሁ መልሱት። ካልደረሰ 3 ሴንቲ ቁራጭ አትጨምሩ፤ ሁለት መገጣጠሚያ ይሆናል፣ ሁለቱም ያፈሳል። ቢያንስ 30 ሴንቲ ቆርጣችሁ በረጅም ቁራጭ ተኩ።

ደሴ ላይ ደህና ነበር፣ ባቲ ስንወርድ ላላ። ሙቀት ጎማውን ያለሰልሰዋል፣ አፉ ጠባብ ካልሆነ ይፈታል። ያወጣችሁትን ጎማ አፍ በፒንሳ በየ5 ሴንቲው ትንሽ ጠበብ አድርጉ። ውስጡ ያለው ቆርቆሮ ቅርጹን ይይዛል። ቆርቆሮ የሌለው ከሆነ ግን ቀይሩት። ስትመለሱ ደግሞ የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ ስትጨርሱ ቁሙና ዙሪያውን በጣት ዳስሱት፤ የተነሳ ቦታ ካለ እዚያው ተጭኖ ይመለሳል።

ውሃው የሚገባው በጎማው ሳይሆን ከሥሩ ነው። የውሃውን ፈተና ስታደርጉ ቱቦው ደረቅ ሆኖ መቃኑ ከረጠበ ምክንያቱ የከንፈሩ ብየዳ ነው። ጎማውን አውጡ፣ በብየዳ ነጥቦቹ መካከል ሲሊኮን ሙሉ፣ አንድ ሙሉ ቀን ይድረቅ፣ ያንኑ ጎማ መልሱ። አዲስ መግዛት አያስፈልጋችሁም።